ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም፦ ከሮተርዳም ወደብ

ሮተርዳም ገብቶ “ወደቡን ልይና ልመለስ” የሚል ሰው ሙሉ ቀን መመደብ አለበት። እኛ ወደብ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው አንድ በር፣ አንድ ሜዳና ጥቂት ክሬን ነው። እዚህ ግን ወደቡ ከከተማው ወገብ ተነሥቶ በማስ ወንዝ ዳርና ዳር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ዱከምን አልፋችሁ ቢሾፍቱ እስክትቃረቡ ድረስ በግራም በቀኝም መርከብ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ የእህል ጎተራና የኮንቴይነር ክምር ብቻ እያያችሁ እንደመሄድ ቁጠሩት። በዓመት 30 ሺህ ገደማ የባሕር መርከብ ይገባበታል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሚረግጡት መሬት ራሱ የሰው ሥራ ነው። ማስፍላክተ ሁለት የሚሉትን ሰፈር ከባሕር ወለል በተቀዳ አሸዋ ደልድለው በ2013 ከፈቱት (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ እነሱ አቆጣጠር ነው)። ትናንት ዓሣ ይዋኝበት በነበረው ቦታ ዛሬ ሹፌር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ኮንቴይነር ተሸክመው ይመላለሳሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ብዙ አየኋቸው። ጡሩምባ የለም። ረዳት የለም። “ና! ና! ና! በቃ!” የሚል ድምፅ የለም። ሁለቱ መስቀለኛው ላይ ሲገናኙ አንደኛው በዝምታ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ሰው ለምን አጥር ውስጥ እንደማይገባ ስጠይቅ፣ ማሽኑ የሚጠብቀው ማሽን ነው፣ ድንገት የሚሻገር ሰው በሒሳቡ ውስጥ የለም አሉኝ።

እኔን ያመጣኝ ግን ወደ ከተማው ጠጋ ብሎ ያለው ቦትሌክ ነው። እዚያ እህል ልታራግፍ የቆመች መርከብ ላይ የአገሬ ልጅ ይሠራል። ሦስተኛ ኢንጂነር ነው። መርከቡ ላይ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም “ሰርድ” ይለዋል፣ ሦስተኛው እንደማለት። የጎጃም ልጅ ነው፤ የሠለጠነውም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የማሪታይም ተቋም ነው። የባሕር በር በሌለው አገር፣ በጣና ዳር፣ የውቅያኖስ መርከብ ኢንጂነር ይሠለጥናል ብላችሁ ለሆላንዶቹ ስትነግሯቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ሸበሌ፣ አሶሳ፣ ጅግጅጋ የተባሉ የራሳችን መርከቦች አሉን ስትሏቸው ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው መፈለግ ይጀምራሉ።

ስሜ ለዘበኞቹ አስቀድሞ ተልኮላቸዋል። በሩ ላይ ፓስፖርቴን አዩ፣ መዘገቡ፣ ከዚያ ሦስት ነገር አቀበሉኝ፦ ሄልሜት፣ ከሩቅ የሚያበራ ሰደርያና አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለበት ጫማ። እኛ ዘንድ እንግዳ ከደንብ ነፃ ነው። “ኧረ ለእርስዎ አያስፈልግም፣ ይለፉ!” ማለት የአክብሮት መጨረሻ ነው። እዚህ ደንቡ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው እንግዳውን ነው፤ የት እንደሚረገጥና ከላይ ምን እንደሚንጠለጠል የማያውቀው እሱ ነውና።

ወደ መርከቡ የሚያወጣው ነገር ጋንግዌይ ይባላል። ከመርከቡ ጎን ወደ ግንቡ የሚወርድ፣ መደገፊያ ያለው የብረት መሰላል ነው። ሰው ቢያዳልጠው በመርከቡና በግንቡ መካከል ካለው ጠባብ ውሃ እንዳይገባ ከሥሩ መረብ ተወጥሯል። አንድ እጅ ሁልጊዜ የመደገፊያው ነው፣ ዕቃ በትከሻ ይያዛል። ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ወጣት ፊሊፒናዊ መርከበኛ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ መዝገብ ዘርግቶ ቆሟል። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም ይጻፋል።

ከፊቴ ይወጡ የነበሩት ሰው የኩባንያው ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ካፒቴኑ ራሱ ሪፖርት የሚያቀርብላቸው። መኪናቸው ጋንግዌዩ ሥር ድረስ አድርሷቸው ሄልሜታቸውን እዚያው ትተውታል። ልጁ መዳፉን ዘርግቶ አስቆማቸው። “ሄልሜት፣ ሰር።” ሰውየው ራሳቸውን ዳበሱ፣ ወረዱ፣ ከመኪናው አወጡ፣ አጠለቁ፣ ተመልሰው ወጡ። “ታንክ ዩ” አሉት። እሱም “ታንክ ዩ ሰር” ብሎ ስማቸውን ጻፈ። ፊታቸው አልጠቆረም፣ የልጁም ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያ መሰላል ላይ ቆሜ የማስበው አገር ቤት ያለውን ዘበኛና ሹፌር ነበር። ሚኒስትሩን ወይም ሥራ አስኪያጁን “ጌታዬ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ” የሚል ሹፌር ስንት አለ? የሚያውቅ ሞልቷል። የሚናገር ነው የጠፋው። ይሉኝታ አለ፣ እንጀራ አለ፣ “አንተ ማነህና” አለ። ይህንኑ ለወንድሜ፣ ለሰርድ፣ ሳነሣለት ሳቀ።

“ጋሼ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ” አለኝ። “ከቺፉ ፊት አፌን መክፈት ሞት ነበር የሚመስለኝ። እዚህ ግን ሥራ ማስቆም ማዕረግ አይጠይቅም። አደጋ ያየ ሁሉ እጁን ያነሣል፣ ሥራው ይቆማል። ተሳስቶ ቢሆን እንኳ ‘ለምን አስቆምክ’ የሚለው የለም። አይቶ ዝም ያለ ነው የሚጠየቀው።” ቺፍ የሚለው የኢንጂነሮቹን አለቃ ነው። ሁሉም መርከብ እንዲህ እንዳልሆነም ነገረኝ፤ ወረቀቱ ላይ ይኸው ቃል ተጽፎ ሳለ አፍ የሚዘጋባቸው መርከቦች እንዳሉ ከጓደኞቹ ሰምቷል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከሮተርዳም ብዙም አይርቅም። ድንበሩን ተሻግሮ ዜብሩገ የሚባል የቤልጂግ ወደብ አለ። መጋቢት 6 ቀን 1987፣ እንደ እነሱ ወር አቆጣጠር፣ መንገደኛና መኪና የጫነች ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባል መርከብ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ከዚያ ተነሣች። መኪና የሚገባበት የፊት በሯ አልተዘጋም ነበር። መዝጋት የነበረበት ሰው ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል። ከመኪናው ወለል በመጨረሻ የወጣው የመርከበኞቹ አለቃ በሩ ክፍት መሆኑን አይቷል፤ መዝጋት ግን የእሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ካፒቴኑ ካለበት ቦታ በሩ አይታይም። በሩ መዘጋቱን የምታሳይ አንዲት መብራት እንድትገባላቸው የኩባንያው ካፒቴኖች ከዚያ በፊት ጠይቀው ነበር፤ ቢሮው አልፈቀደም። ውሃው በተከፈተው በር ገባ፣ መርከቧ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በጎኗ ተጋደመች። 193 ሰው አለቀ።

ይህን ስሰማ የበረደኝ ነገሩ ሩቅ ስላልመሰለኝ ነው። “የእኔ ሥራ አይደለም” የምትለዋን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሰምቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ መርማሪዎቹ ጥፋቱን በሩ ዘንድ ብቻ አልተዉትም፣ ኩባንያው ቢሮ ድረስ ወጡ። በ1998 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አይ ኤስ ኤም ኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ከነዚህ ዓመታት የወጣ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ማን ምን እንደሚሠራ እንዲጽፍ፣ አደጋና ለጥቂት የተረፈ አደጋም ጭምር ሪፖርት እንዲደረግ፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከመርከቡ በቀጥታ የሚደወልለት አንድ የታወቀ ሰው እንዲኖር ያስገድዳል። የዚያ ሰው ስልክ ቁጥር የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የወጥ ቤት ረዳቱም ሊደውልለት ይችላል።

ምሳ በልተን ብዙም ሳንቆይ ደወሉ ጮኸ። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም። በዓለም ላይ ያለ መርከበኛ ሁሉ፣ ቋንቋው ምንም ይሁን፣ ይህን ድምፅ ያውቃል፦ አደጋ አለ፣ ወደ መሰብሰቢያችሁ። ልምምድ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮኛል፣ ልቤ ግን አልሰማም። ስገባ የሰጡኝ ካርድ ላይ የምሄድበት ቦታ ተጽፏል፤ አረንጓዴውን ምልክት ተከትዬ ወጣሁ። ሰው አይሮጥም፣ ይፈጥናል። ሁሉም ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬቱን አጥልቆ ተሰለፈ፣ ስም ተጠራ፣ የእኔም ተጠራ። የሰው ቁጥር ሳይሞላ ምንም አይጀመርም።

ከዚያ ድራማው ተጀመረ። እሳት የሞተር ክፍል ውስጥ ተነሥቷል ተባለ። ሁለቱ የእሳት ልብስ ለበሱ፣ አንዱ የአየር ማስገቢያውን ዘጋ፣ ወጥ ቤቱ (ጠዋት ዓሣ ሲጠብስ ያየሁት ሰው) ቃሬዛና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይዞ ቀረበ። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተጽፎ ተለጥፏል፤ አንዱ ቢጎዳ ማን እንደሚተካው ጭምር። ሁለተኛው ልምምድ መርከብ ጥሎ መውጣት ነበር። ኢመርሽን ሱት የሚሉት ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ወፍራም ልብስ አለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰውነት ቶሎ እንዳይደነዝዝ። ማንም ሳያግዝህ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልበስ አለብህ። ከመርከቡ ኋላ፣ እንደ ሸርተቴ ቁልቁል ባዘነበለ ሐዲድ ላይ፣ ጣሪያዋ የተዘጋ ብርቱካናማ ጀልባ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ጀርባውን ወደ ውሃው ሰጥቶ በቀበቶ ይታሰርና ጀልባዋ ከነሰዉ ቁልቁል ትወረወራለች። ያን ቀን አልተወረወረችም፤ ቀበቶው ግን አንድ በአንድ ታየ።

እያንዳንዱ መርከበኛ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይህን ይለማመዳል። እኛ ለአደጋ መለማመድ ሟርት ይመስለናል፤ “ምን ሊያመጣብን ነው” እንላለን። እነሱን ያስለመደቻቸው ታይታኒክ ናት። በ1912 ስትሰምጥ ከ2,200 በላይ ሰው ተሳፍሮባታል፤ የማዳኛ ጀልባዎቿ ቦታ 1,178 ነበር። ከ1,500 በላይ ሰው ሞተ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በጊዜው ደንብ መሠረት መርከቧ ጥፋት የሌለባት መሆኗ ነው፤ ደንቡ የጀልባውን ቁጥር ያሰላው በመርከቡ ግዝፈት እንጂ በሰው ቁጥር አልነበረም። ሶላስ የሚባለው የባሕር ላይ ሕይወት ጥበቃ ስምምነት ከዚያ በኋላ በ1914 ለንደን ላይ ተፈረመ። ዛሬ የሚሠራበት የ1974ቱ ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል።

ከምሽቱ በፊት ሰርድ ወደ ጭነቱ ጉድጓድ አፍ ወሰደኝ። ሆልድ ይሉታል፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያክል የብረት ጎተራ። አንደኛው ተራግፎ ባዶ ነው። አፉ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፣ ሰው ቆሟል። “እዚህ ጋሼ፣ ከእሳትም ከማዕበልም ይልቅ የምፈራው ይኼን ነው” አለኝ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጂን ነው። በተዘጋ ቦታ ብረቱ ሲዝግ ኦክስጂኑን ይበላል፣ እህሉም እንጨቱም ይበላል፤ ለነቀዝ የተጨመረው መድኃኒት ደግሞ የራሱን መርዝ ይተዋል። አየሩ ግን አይሸትም፣ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ይናፈሳል፣ ከዚያ በመሣሪያ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይለካል፣ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል፣ የሚገባው ሰው ደረቱ ላይ የሚጮኽ መለኪያ ያደርጋል፣ አፉ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም።

አፉ ላይ ለቆመው ሰው ትልቁ ትእዛዝ አንድ ነው፦ ጓደኛህ ሲወድቅ ብታይ ተከትለህ አትግባ። ደወል ደውል፣ የመተንፈሻ ጋን ያጠለቀ ቡድን ይምጣ። በዝግ ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡ ናቸው። እኔ ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው ውሃ ጉድጓድና የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍሩና ሲጠርጉ የሞቱ ልጆች ዜና ነው። አንዱ ወርዶ ዝም ይላል፣ ወንድሙ ይወርዳል፣ ጎረቤቱ ይወርዳል። ያገሬ ሰው ጓደኛውን ጥሎ መቆም አይችልበትም፤ ደግነቱ ነው የሚገድለው። እውቀቱ ግን እኛም ዘንድ አለ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ከሚያኖርበት የመሬት ጉድጓድ ዘሎ አይገባም፤ አፉን ከፍቶ፣ አስተንፍሶ፣ ቆይቶ ነው የሚወርደው። ያን የገበሬ ጥንቃቄ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ቆፋሪ እጅ የሚያደርሰው ማን ይሆን እያልኩ ቆምኩ።

ወደ ሞተር ክፍሉ ስንወርድ ጆሮ መድፈኛ ሰጠኝ። ቤቱ ይኼ ነው፤ ሲገባ ትከሻው ሁሉ ሰፋ። ወለሉን ብታዩት ምንጣፍ ዘርግታችሁ ምሳ ትበሉበታላችሁ። ከሥር ግን ቢልጅ አለ፣ ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይትና ውሃ የሚጠራቀምበት የመርከቡ ሆድ። ድሮ ይህ ቀጥታ ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር። አሁን አንድ ማሽን ዘይቱን ከውሃው ይለየዋል፤ የሚለቀቀው ውሃ ከሚሊዮን እጅ ከ15 እጅ በላይ ዘይት ከያዘ ማሽኑ ይጮኻል፣ ውሃው ተመልሶ ወደ ጋኑ ይገባል። ማርፖል የተባለው ስምምነት ነው ያዘዘው። በ1967 ቶሪ ካንየን የምትባል ነዳጅ ጫኝ በእንግሊዝ ጠረፍ ዓለት ላይ ወጥታ ባሕሩን በድፍድፍ ካለበሰች በኋላ በ1973 ተረቀቀ፣ በ1978 ተጨመረበት።

ማሽን ካለ ደግሞ ማሽኑን የሚሸውድ አይጠፋም። “አስማተኛ ቱቦ” ይሉታል፤ ማጣሪያውን ዞሮ ቆሻሻውን በሌሊት ወደ ባሕር የሚያፈስ ድብቅ ቱቦ። በ2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ በተባለችው የሽርሽር መርከብ ላይ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ኢንጂነር ይህን ቱቦ አየ። ዝም አላለም፤ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ሥራውን ትቶ ለባለሥልጣናት አመለከተ። በ2016 ኩባንያው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ወንድሜ ይህን ታሪክ የሚነግረኝ ስለ ዘመዱ በሚናገር ሰው ኩራት ነው። የዘይቱን መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ መርከቡ የነበረበት ቦታና ፊርማ አለው። “ይቺ የኔ ናት” አለና ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ። “ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይቺን ነው። ውሸት ከጻፍኩ እስር ቤት የምገባው እኔ ነኝ።” ተቆጣጣሪ የሚላቸው የወደቡ አገር ባለሥልጣናት ናቸው። በ1978 አሞኮ ካዲዝ የተባለችው መርከብ የፈረንሳይን ጠረፍ በነዳጅ ካበላሸች በኋላ የአውሮፓ አገሮች በ1982 ፓሪስ ላይ ተስማምተው፣ የየትኛውም አገር ባንዲራ ቢውለበለብባት ወደባቸው የገባችን መርከብ ይፈትሻሉ፤ ካልተስተካከለች አትወጣም።

ወጥ ቤቱ ጋ የቆሻሻ በርሜሎቹ በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል፦ ፕላስቲክ፣ የምግብ ትራፊ፣ የተጠበሰበት ዘይት፣ ባትሪ። ፕላስቲክ በየትኛውም ባሕር፣ በየትኛውም ርቀት አይጣልም፤ ቢቃጠል እንኳ አመዱ አይጣልም። የምግብ ትራፊ በሰሜን ባሕር ላይ ከጠረፍ ቢያንስ 12 የባሕር ማይል ርቆ፣ ያውም ተፈጭቶ ነው የሚጣለው። ይህም በመዝገብ ይሰፍራል። የወደቡ አሠራር ደግሞ ገረመኝ። አውሮፓ ውስጥ መርከቡ የቆሻሻ ክፍያ የሚከፍለው ቆሻሻ ቢሰጥም ባይሰጥም ነው። ከከፈልክ በኋላ ተሸክመህ ሄደህ ባሕር ውስጥ መድፋት ምን ይጠቅምሃል? የሰው ልጅ ገንዘብ ለማትረፍ ሲል የሚሠራውን ጥፋት ገና በክፍያው ላይ ዘጉት። እኛ አገር ባዶዋን ሃይላንድ ከቆሻሻ የሚያድናት ቆራሌው ነው፤ ቆራሌው በማይደርስበት መንገድ ላይ ግን ከአውቶቡስ መስኮት ስትወረወር ዝም ብለን እናያለን። በዚህ ጉዳይ ከልቤ ቀናሁ።

ስለ ባላስት ሲነግረኝ ደግሞ ጣና መጣብኝ። መርከብ ጭነቷን ስታራግፍ ቀልላ እንዳትገለበጥ ውሃ ቀድታ ትሞላለች፤ ባላስት ይባላል። ውሃውን አንድ ወደብ ቀድታ በሌላው ስትደፋው በውስጡ ያለው ጥቃቅን ፍጡር፣ እጭና እንቁላል አብሮ ይጓዛል። አውሮፓ ወንዞች ውስጥ ዛሬ የሚርመሰመስ የቻይና ሸርጣን አለ፤ ክንዶቹ ላይ ጓንት የመሰለ ጠጉር ያለው፣ የወንዝ ዳር እየቦረቦረ የሚያፈርስ። ጀርመን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1912 ነው፤ የመጣውም በባላስት ውሃ ነው ይባላል። በ2004 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት መርከቦች ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት እንዲያክሙት ያዛል። የዚህች መርከብ ማሽን በብርሃን ጨረር ነው የሚገድላቸው። እምቦጭን ያመጣብን መርከብ አይደለም፤ ግን ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ጣናን የወረረ ባዕድ ተክል ምን እንደሚያደርግ ለእኔና ለዚህ ልጅ የሚያስረዳን አያስፈልግም። ጣና ላይ በ2011 እንደታየ ቢነቀል ኖሮ የስንት ገበሬ ወገብ ይተርፍ ነበር።

ሆላንዶቹ ንጹሕ ሆነው አልተወለዱም። በራይን ወንዝ ከላይ ከፋብሪካዎቹ የሚወርደው መርዝ እዚህ ደለሉ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የተበከለውን ጭቃ የሚያጠራቅሙበት ስሉፍተር የተባለ ግዙፍ ገንዳ በ1987 ባሕሩ ዳር ከፈቱ፣ ዛሬም እዚያው ነው። አቃቂን የሚያውቅ ሰው የላይኛው ሰፈር ቆሻሻ የታችኛው ሰፈር ዕዳ መሆኑን አይረሳም። እዚሁ ቦትሌክ በ2018 አንዲት ኬሚካል ጫኝ መርከብ ከመጠጊያው ጋር ተጋጭታ ከ200 ቶን በላይ ጥቁር ነዳጅ ፈሰሰ፤ ሥዋን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ነጫጭ ወፎች በመቶዎች ተለውሰው፣ ሰዎች አንድ በአንድ አጥበው መለሷቸው። ዛሬ ወደቡ ላይ የኤሌክትሮኒክ አፍንጫዎች ተተክለዋል፣ ጋዝ ሲያመልጥ የሚያሸቱ። ነዋሪውም ሽታ ሲሰማው ሌት ተቀን ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ይደውላል፣ ሰው ይላካል። ሆኖም እዚህ ይህን ያህል የተጠበቀች መርከብ ስታረጅ ብዙውን ጊዜ የምትሄደው ወደ ባንግላዴሽና ሕንድ የባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚያ አሸዋ ላይ በድሀ እጅ ትበታተናለች። ይህንን ለማስተካከል በ2009 የተፈረመው የሆንግ ኮንግ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው ገና በ2025 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቋል፤ እኔ ይህን መዘግየት ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ማታ ቡና አፈላልኝ። ጀበናው ከባሕር ዳር የመጣ ነው። ካቢን ውስጥ እሳትም ማብሰያም ክልክል ስለሆነ በወጥ ቤቱ ፈቃድ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው የሚፈላው፤ ዕጣን የለም፣ የጭስ ደወሉ ይጮኻላ። ረቡዕና ዓርብ ወጥ ቤቱ ምስር ይሠራለታል። የሚናፍቀው እንጀራው ብቻ አይደለም፤ ሲያስነጥሰው “ይማርህ” የሚለው ሰው ነው።

“ጣና ላይ ብትሾም ምን ታደርግ ነበር?” አልኩት።

አላሰበም፤ ቀድሞ አስቦበታል። “ታንኳው አያሰጋኝም ጋሼ፤ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ውሃውን ያውቀዋል። እኔ የማስበው ሰው ጭኖ ወደ ዘጌ የሚሄደውን የሞተር ጀልባ ነው። ጃኬቱ ይኖራል፣ ግን ከወንበር ሥር ተጠቅጥቋል፤ የልጆች ልክ ደግሞ የለም። መጀመሪያ የሰው ቁጥር በወረቀት ይያዛል፣ አንዱ ቅጂ የብስ ላይ ይቀራል። ጃኬቱ ሳይለበስ ሞተር አይነሣም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አይወጣም። ገንዘብ የሚሰበስበው ረዳት ልጅ ደግሞ ‘ሞልቷል፣ አንሄድም’ ማለት ይችላል።”

“ባለ ጀልባው ቢቆጣውስ?”

“ለዚያ ነው ሥልጠናውን ከባለ ጀልባው የምጀምረው። ልጁ መናገር አያቅተውም።”

ውሉ ሲያልቅ ለጥምቀት አገር ቤት ይገባል። ባለ ጀልባዎቹን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዟል፤ እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በማግስቱ ከተማ ውስጥ የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። የልጆቹን ጃኬት በክብደት ለይተው አሳዩኝ፤ የትንንሾቹ ጃኬት ራስን ወደ ላይ የሚያቀና አንገትጌና በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው፣ እንዳይሾልኩ። ልኩንና ዋጋውን በየተራ ጽፌ ላክሁለት።